ግልጽ ደብዳቤ ለመሬት ቢሮ ኃላፊ፦ የመሬት ይዞታ ደብተር የምንሰጠው ሠራተኞች ዋስትና የለንም

ክቡር የቢሮ ኃላፊ፣

ስለ ሥራ ዋስትናችን ያቀረብነው ማመልከቻ በእጅዎ ነው። በአካልም መጥተን «እየታየ ነው» ተብለን ተመልሰናል። ከዚያ ወዲህ የሚያናግረን ጠፋ። ስለዚህ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

የገጠር መሬት ይዞታ መዝጋቢ ነኝ፤ የኮንትራት ሠራተኛ። ማሳ ላይ ወርደን፣ አዋሳኞች ቆመው እያዩ ወሰን እንለካለን። ባለይዞታዎቹ ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም ደብተሩ ላይ እንዲሰፍር እናደርጋለን። የአርሶ አደር የመጠቀም መብት የጊዜ ገደብ እንደሌለው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረትም ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው በየቀበሌው ስብሰባ እናስረዳለን። እኛ ግን በሚቀጥለው በጀት ዓመት ሥራ ላይ መኖራችንን እንኳ አናውቅም።

ያንገበገበኝን ልንገርዎ። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ከአዋሳኟ ጋር የወሰን ክርክር ነበረባት። ባልደረባዬ ማሳው ድረስ ሄዳ የወሰን ድንጋዩን አየች። ሽማግሌዎቹንም የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴም ሰማችና መዘገበች። ትንሽ ቆይቶ አንድ አለቃ ጠርቷት «ያንን ወሰን አስተካክዪው» አላት። አዋሳኞች በሌሉበት፣ ቢሮ ቁጭ ብላ። «አላደርገውም፤ ትእዛዝ ከሆነ በጽሑፍ ይስጡኝ» አለችው። በጽሑፍ የሰጣት የለም። ኮንትራት የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ የሁላችንም ታደሰ፣ የእሷ ቀረ። ምክንያቱን የነገራት የለም። የስንብት ደብዳቤም አልደረሳትም። ደመወዝ ልትቀበል ስትሄድ ስሟ ከፔሮሉ ወጥቷል። ጡት የሚጠባ ልጅ አላት፤ የቤት ኪራይ ትከፍላለች።

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች አንቀጽ 10 ለይቶ ዘርዝሯል። እርግጥ እኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ስለሆንን ይህ አዋጅ አይመለከተንም። ታዲያ መንግሥት ባለፋብሪካውን የከለከለውን በራሱ ቢሮ ለምን ያደርጋል? የመሬት ምዝገባ እንደ ግንባታ አልቆ የሚበተን ሥራ አይደለም። ውርስ አለ፣ ስጦታ አለ፣ ኪራይ አለ፣ ፍቺ አለ። ሰው እስካረሰ ድረስ መዝገቡ ሲታደስ ይኖራል።

ድሮ ጭሰኛው ዓመቱን ሙሉ አርሶ፣ ባለመሬቱ ሲቀየመው ይነቀል ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ያንን አስቀረ። ዛሬ ገበሬው ዳግም እንዳይሰጋ የምንሠራ ሰዎች እኛው ስጋት ውስጥ ነን። ጉዳቱ ደግሞ በእኛ አያበቃም። ነገ ልባረር እችላለሁ ብሎ የሚያስብ መዝጋቢ እምቢ ማለት ይፈራል። እምቢ የሚል ከጠፋ ደግሞ ጉልበት ያለው ሁሉ የደካማውን ወሰን ቢሮ ውስጥ ያስገፋል።

ባልደረባዬ ወደ ሥራዋ ትመለስ። ኮንትራቷ ያልታደሰበት ምክንያትም በጽሑፍ ይሰጣት። የመዝጋቢና የቀያሽ መደቦች ቋሚ ይሁኑ። በጀት የለም እንዳይሉን፤ ደመወዛችን በየዓመቱ ሲከፈል ኖሯል።

የዚያች እናት ፋይልም ይመርመር። ባልደረባዬ ከወጣች በኋላ የነካው ሰው ካለ ማን እንደሆነ፣ በማን ትእዛዝ እንደነካው በይፋ ይነገረን።