ደብዳቤ ለልጄ፦ በአያትሽ ስም ሲጠሩሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። እሑድ ማታ ስትደውዪ፣ ሃምቡርግ ከገባሽ ወዲህ በየቢሮው በአያትሽ ስም እንደሚጠሩሽ፣ ባለፈው ሳምንትም ወረፋ ይዘሽ ሳለ ሁለት ጊዜ ተጠርተሽ የተጠራሽው አንቺ መሆንሽን ሳታውቂ ተራሽ እንዳለፈሽ ነገርሽን። እየሳቅሽ ብታወሪውም ድምፅሽ ውስጥ ዕንባ ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ፣ ንጋት ላይ የሥላሴ ቅዳሴ እዚህ አራት ኪሎ ድረስ እየተሰማኝ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ።

እኔም በ1978 ዓ.ም. መስከረም ላይ ላይፕሲግ ስደርስ ሃያ ዓመቴ ነበር። ጀርመን ያን ጊዜ ለሁለት የተከፈለች ስለነበረች፣ ከምሥራቅ በርሊኑ የሸነፌልድ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቼ ቀሪውን መንገድ ብቻዬን በባቡር ሄድሁ። የላይፕሲግ ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1915 ተሠርቶ ያለቀ፣ በአውሮፓ ካሉት ትልልቅ ጣቢያዎች አንዱ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ሻንጣዬን ይዤ ስቆም የት እንደምሄድ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደመጣሁም ለጊዜው ጠፋኝ። ውጭው የከሰል ጢስ ይሸት ነበር፤ ፋብሪካውም ቤቱም የሚያነድደው ከዚያው አካባቢ የሚቆፈረውን ቡናማ ከሰል ነበርና።

የሰጡኝ ቅጽ “የቤተሰብ ስም” ይላል። እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን፣ ቦታውን ባዶ ላለመተው የአባቴን ስም ጻፍሁበት። በኸርደር ኢንስቲትዩት የጀርመንኛ ትምህርት በጀመርንበት ጠዋት መምህርቷ ስም ስትጠራ “ሄር”፣ አቶ ማለት ነው፣ ብላ የአባቴን ስም ጨመረችበት። እኔ አቤት አላልሁም፤ ዞሬ በሩን አየሁ። ፒያሳ በጠባቧ ሱቃቸው ሲንጀር ላይ እንዳጎነበሱ የተሰናበትኋቸው አባቴ፣ ሜትራቸውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ በሩ ላይ የቆሙ መስሎኝ ነበር።

መምህርቷ ስሙን የጠራችው አበላሽታ ነበር። በስማችን ውስጥ ያለችው “ጥ” በጀርመንኛ ስለሌለች “ት” ያደርጓታል፤ አንቺም ተራሽ ያለፈሽ ሐሳብሽ ስለተበተነ ሳይሆን የጠሩት ስም በጆሮሽ ሌላ ስም ስለሆነብሽ ይመስለኛል። ስለዚህ ቢሮ ስትሄዪ የምታውቂውን ስም ሳይሆን እነሱ የሚሉትን ስም ጠብቂ። በየቅጹም ላይ ፓስፖርትሽ ላይ ካለው አጻጻፍ አንዲት ፊደል እንኳ አትለውጪ። የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባው ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጠናቀቅ እንዳለበት ታውቂያለሽና ተራዬ አለፈ ብለሽ አትተዪው፤ ተመልሰሽ ሂጂ።

ሰዓትሽንም ዛሬውኑ እንደ እነሱ ሙዪ። እኔ እናቴ በየትኛው ሰዓት ምን እንደምትሠራ ለማወቅ ብዬ የእጅ ሰዓቴን በአዲስ አበባ አቆጣጠር ትቼው ስለነበር፣ ለ9 ሰዓት የተቀጠርሁበት ቢሮ የደረስሁት ከቀትር በኋላ ነው። የእኛ አቆጣጠር ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለማለት በሚቻልበት አገር ከፀሐይ መውጫ ተነሥቶ የሚቆጥር ነው፤ አንቺ ባለሽበት ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ 10 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ፀሐይን አይተሽ ሰዓት ልታውቂ አትችዪም። ጨለማው እንዲህ በጊዜ ሲመጣ ሆድ ያስብሳል፤ እኔን አስብሶኛል።

ያን ጊዜ ወደ ቤት የምጽፈው “ደኅና ነኝ፣ አታስቡ” የሚል ብቻ ነበር። የስሙን ነገር የጻፍሁላቸው ከወራት በኋላ ነው፤ አባቴም በመልሳቸው ስለ ትምህርቴ አንድም ቃል ሳያነሡ፣ “እንዴት አድርገው ነው የሚሉት?” ብለው ጠየቁኝ። እንደ ጀርመኖቹ አድርጌ በፊደል ጽፌ ላክሁላቸው። ሱቃቸው ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ እያነበቡ ያሰሙ እንደነበር እናቴ በኋላ ነገረችኝ።

አያትሽ ካረፉ ወዲህ ስማቸውን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ሳልሰማ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እሑድ ስትደውዪ፣ ያቺ የቢሮዋ ሴት እንደምትለው አድርገሽ በዪልኝ።

አባትሽ