የሥነ ጥበብ ክበብ ዘገባ፦ ነሐስ ላይ የወደቅንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን እርሳስና ብሩሹን ገሸሽ አድርጎ ነሐስ ላይ ተጠመደ። ነገሩን ያመጣችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። "ቲቸር፣ ሐውልት ውስጡ ድፍን ነው ወይስ ክፍት?" አለች። ክፍት ነው። ትልልቅ የነሐስ ሐውልቶች ውስጣቸው ባዶ ነው። ድፍን ቢሆኑ ክብደታቸው አይቻልም፤ ሲቀዘቅዙም ይሰነጠቃሉ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ወደ ውሃ ቀለም መመለስ አልተቻለም።

ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል ነው (የቤት ክዳኑን ማለቴ አይደለም)። ከመቶው 90 እጅ ገደማ መዳብ ነው። መዳብ ብቻውን የሚቀልጠው 1085 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሲፈስም ይንቀረፈፋል። ቆርቆሮ ሲገባበት ቶሎ ይቀልጣል፣ እንደ ልብ ይፈሳል። ሰሙ ላይ የቀረ የጣት አሻራ ካለ እንኳ አይስተውም።

አዎ፣ ሰም። ባለሙያው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል። በጭቃ ይመርገዋል። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ነሐስ ይገባል። ከዚያ ጭቃው ይሰበራል። በሞሄንጆ ዳሮ (ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለ የጥንት ከተማ ነው) የተገኘችው የጨፋሪዋ ልጅ ምስል፣ ቁመቷ 10 ሳንቲ ሜትር ከምናምን፣ የዛሬ 4500 ዓመት ገደማ የተሠራችው በዚህ ዘዴ ነው። የናይጄሪያዎቹ የኢግቦ ኡኩ ዕቃዎችም እንዲሁ። የእኛም የመጾር መስቀሎች ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ነሐስ ማቅለጥ ለእኛ የማይታሰብ ነው። የቤተ ሙከራችን ምድጃ ሰም ካቀለጠልን ተመስገን ነው። ስለዚህ በነሐስ ፈንታ ጀሶ አፈሰስን። የሐረር ልጅ ሰም ሲያገኝ ምን ይሠራል? ጅብ! ጠረጴዛው ጅብ በጅብ ሆነ። የአንዱ ልጅ ጅብ ከጭቃው ሲወጣ ሦስት እግር ብቻ ነበረው። "ወሪያ፣ ይሄ መኪና ገጭቶታል" ብለው ሳቁበት። እግሩ ጫፍ ላይ አየር ታፍኖ ጀሶውን አላስገባ ብሎ ነው። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ከእያንዳንዱ እግር ጫፍ ቀጭን የሰም ዘንግ ወደ ላይ አወጣ። ሰሙ ሲቀልጥ ዘንጎቹ የአየር መውጫ ሆኑ። ጅቡም በአራት እግሩ ቆመ። ነሐስ አፍሳሾችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልጁ ግን ማንም ሳይነግረው ነው የደረሰበት።

ታሪኩን ስናነብ ግን ሌላ ነገር ገረመኝ። ነሐስ ዝናብም ፀሐይም አይበግረውም። ጠላቱ ሰው ነው። ሲቸግር ይቀልጣል፤ መድፍ ይሆናል፣ ሳንቲም ይሆናል። ድንጋይን ለዚህ የሚመኘው የለም። የጥንት ግሪኮች የነሐስ ሐውልቶች አብዛኞቹ ያለቁት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ጣሊያን ውስጥ ሪያቼ አጠገብ የተገኙት ሁለት ጦረኞች የተረፉት ባሕር ስለዋጣቸው ነው። ከንፈራቸው መዳብ ነው፤ የአንደኛው ጥርስ ደግሞ ብር።

በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ንጉሥ ኢዛና አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት ማቆሙን በድንጋይ አስጽፏል። ዛሬ አንዳቸውም የሉም። አክሱም ላይ የቀረው የሐውልት መቆሚያ ድንጋይ ነው፤ የእግሩ ማስገቢያ ርዝመት 92 ሳንቲ ሜትር። ልጆቹ ያንን እግር በጠመኔ ሜዳው ላይ ሣሉት። ከራሳቸው እግርና ቁመት ጋር አስልተው ሐውልቱ ከ5 ሜትር በላይ ይሆናል አሉ። ከክፍላችን ጣሪያ በላይ ማለት ነው።

የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ጣሊያን አንስቶ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ሮም ድረስ ተወስዶ ስንት ዓመት ቆይቶ መጣ። የከተማችን የራስ መኮንን ሐውልት በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ወድቋል፤ ትንንሾቹ አባሎቻችን የሚያውቁት በፎቶ ነው። ቀራጩ ዩጎዝላቪያዊው አንቱን አውጉስቲንቺች ነው። ኒው ዮርክ፣ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ በፈረስ ላይ ያለችውን ሴት የሠራው እሱው ነው። የራስ መኮንን ሐውልት መውደቅ ሲነሳ ክርክሩ ጦፈ። የፖለቲካውን ለታሪክ ክበብ አሳልፌ ሰጠሁ፤ እኛ ስለ ፈረሱ አንገት አወራን።

በሸሪፍ ሙዚየም የሐረር አሚሮች ያስመቱትን ሳንቲሞች አየን። ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ሳንቲም ከጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ግን ጽሑፉ ይነበባል። ስንመለስ መንገድ ላይ ቆራሌው አገኘን። ልጆቹ ከበቡት። ነሐስን ከብረት አብልጦ እንደሚገዛ፣ የተሰበረ ቧንቧም ሆነ የአሮጌ በር እጀታ ግድ እንደማይሰጠው ነገራቸው። "ሐውልትስ?" አለው አንዱ። ሰውዬው ሳቀና "እሱን እንኳን አምጥተህ አታስይዘኝ" ብሎ ጋሪውን ገፋ።

ለወላጆች ቀን አሥራ ምናምን ጅብ፣ አንድ ግመልና አንድ ሙሉ የጀጎል በር አሳይተናል። በሩን የሠሩት ሁለት እኅትማማቾች ናቸው፤ ከሁሉም የበለጠ ሥራ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳችን ውስጡ ክፍት የሆነ ቅርጽ መሥራት ነው። ለዚያ ብዙ ሰም ያስፈልገናል። ቤታችሁ የሻማና የጧፍ ቁራጭ ካለ አትጣሉት፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ካለው ክፍላችን በር ላይ ካርቶን አስቀምጠናል።