የአክሲዮን ማስታወቂያ ስታወጡ አንድ መስመር ጨምሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ፍኖተ ሰላም ሆኜ ነው። አንዳንዴ ሳምንት ቆይቶ ይደርሰኛል፣ ቢሆንም ማስታወቂያው ሳይቀር ነው የማነበው። የዛሬው ጉዳዬም እሱው ነው።

በ2002 ዓ.ም. ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች መጥተው ሆቴል አዳራሽ ሰበሰቡን። ለስላሳ አጠጡን፣ የሕንፃ ሥዕል አሳዩን። በርበሬ ሸጬ ኪሴ ሞቅ ብሎ ስለነበር 20 አክሲዮን በ20,000 ብር ገዛሁ። ላዩ ላይ ደግሞ 5 በመቶ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ 1,000 ብር ከፈልኩ። ማኅበሩ «በምሥረታ ላይ» ነው አሉን። ይኸው እስከ ዛሬ በምሥረታ ላይ ነው፣ ስልካቸውም አይሠራም።

ነገሩ የገባኝ ከረፈደ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ እንኳ ለአክሲዮን የተከፈለው ገንዘብ ባንክ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር። ያቺ 1,000 ብር ግን የአክሲዮን ዋጋ አይደለችማ! ማኅበሩ ቆመም ቀረ፣ እሷን አክሲዮኑን የሸጠልን አደራጅ በልቷታል። ታዲያ አደራጁ ምን አስቸኮለው?

አሁን ሕጉ ጠበቅ ብሏል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ለሕዝብ አክሲዮንም ሆነ ቦንድ የሚሸጥ ኩባንያ መጀመሪያ የአክሲዮንና የቦንድ ሽያጭን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን፣ ማስመዝገብና «የደንበኛ ሳቢ መግለጫ» ማጸደቅ አለበት። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፣ ለእኔ የሱቅ ማስታወቂያ ነው የሚመስለኝ፤ ውስጡ ግን ቁም ነገር ነው፦ የኩባንያው ባለቤት ማን ነው፣ ዕዳው ስንት ነው፣ ገንዘባችን ምን ላይ ይውላል፣ በምን በምን ልንከስር እንችላለን። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ ይህን መግለጫ አውጥቶ ነው። አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር።

ባለፈው አንድ ልጅ ሱቄ ድረስ መጣ። ያው የድሮው ወሬ፣ «ሳይወደድ ይግዙ»። የደንበኛ ሳቢ መግለጫችሁን አሳየኝ ብለው ባለቀለም ወረቀት ዘረጋልኝ፤ ደግሞ ሕንፃ! ይሄ አይደለም ስለው «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ሰው አያምኑም» ብሎኝ ወደ ጎረቤቴ ሄደ። ጎረቤቴ ገዝቷል። በዓመት ወለድ የሚከፈለው መስሎት ነው። ወለድ ያለው ቦንድ ላይ ነው፣ እሱ ብድር ነው፤ አክሲዮን የገዛ ሰው ባለቤት ነው፣ ካልተተረፈ ምንም አያገኝ፣ ኩባንያው ከፈረሰም ያበደሩትን ገንዘብ ጠያቂዎች አስቀድሞ እሱ መጨረሻ ነው የሚሰለፈው። ይህን ስነግረው ቡናውን አስቀምጦ ዝም አለ።

እናም የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። የአክሲዮን ማስታወቂያ ይዞላችሁ የሚመጣውን ሁሉ መግለጫው በባለሥልጣኑ ጸድቆ እንደሆነና የት እንደሚገኝ ጠይቁት፣ መልሱንም ከማስታወቂያው ሥር በአንድ መስመር አትሙልን። መልስ ከሌለው ማስታወቂያውም ይቅር። ገቢ ያጎድልባችኋል፣ አውቃለሁ።

ሌላው፣ እንደ እኔ ከአዋጁ በፊት የከፈልን ሰዎች አቤቱታችንን ወዴት እንውሰድ? የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቃችሁ ጻፉልን። ደረሰኙ አለኝ፤ ማኅተሙ ደብዘዝ ብሏል እንጂ ይነበባል።

አንባቢያችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም