ለአባቴ፦ ስለ ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ክፍል ምርጫ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እግርዎን ይሻልዎት ይሆን? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ ስለ ታናሽ ወንድሜ ሲጠይቁኝ በችኮላ የሰጠሁዎት መልስ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ስለ ሰነበተ፣ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ላስረዳዎት ወደድኩ።

«ማኔጅመንት ይግባና ሥራ አስኪያጅ ይሁን፤ ያ ባይሆን እንደ አንቺ ባንክ አያጣም» ነበር ያሉኝ። የትምህርቱ ስም እንዲያ ቢያስመስለውም በማኔጅመንት የተመረቀ ልጅ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ አይጀምርም። ባንኮች ለጀማሪ ሠራተኛ በሚያወጡት ማስታወቂያ ላይ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ኢኮኖሚክስ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ተደርድረው ይገኛሉ፤ ሦስቱም አንድ በር ላይ ተሰልፈው አንድ የገንዘብ መክፈያ መስኮት ውስጥ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ባንክ መግባት ብቻ ከሆነ የምንፈልገው፣ የትኛውን ክፍል ይምረጥ ብለን መጨነቅ ባላስፈለገን ነበር።

ስለዚያ መስኮት እስከ ዛሬ የደበቅኩዎት ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ ሥራ በዝቶብኝ እንደቀረሁ ነግሬዎት ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዋዜማው ሳምንት፣ ሰልፉ እስከ ደጅ በወጣበት ቀን፣ ማታ ሒሳብ ስዘጋ 3,700 ብር ጎደለብኝ። እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ የብሩን እስር እየፈታሁ ደጋግሜ ብቆጥርም አልተገኘም፤ ለጉድለት መጠባበቂያ የሚከፈለን አበል ስላልሸፈነው ቀሪው ከደመወዜ ተቆረጠ፣ ለመሳፈሪያም አልተረፈኝም። ይህን የማነሳው ባንክ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ የብድር ትንተናና የውጭ ምንዛሪ ክፍል ደርሰው ደስ ብሏቸው የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። ነገር ግን እርስዎ ለጎረቤት በኩራት የሚያወሩለት ሥራ ጅማሬው ምን እንደሚመስል ሳያውቁ ልጁን ወደዚያ እንዲልኩት አልፈልግም።

እኔ በተራዬ «አካውንቲንግ ይሁን» ብዬ ስሟገትዎት ቆይቻለሁ፤ ምክንያትም ነበረኝ። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያዘጋጁ ስለሚገደዱ፣ ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለጋል፤ እኔም ከመስኮቱ ወጥቼ ኦዲት ውስጥ የገባሁት በዚሁ በር ነው። ሰኔ 30 ማታ መጋዘን ውስጥ ጆንያ መቁጠር ቢያደክምም ነጋዴው እንዴት እንደሚያድግና እንዴት እንደሚወድቅ ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ አላየሁም። ደግሞም በ2009 ዓ.ም. ክረምት ከግብር ሰብሳቢው የቀን ገቢ ግምት መጥቶ ያበሳጨዎትን ጊዜ አልረሳሁትም። የሱቅዎ የዱቤ ደብተር ማን ስንት እንደተበደረ ይናገር ነበር እንጂ፣ እርስዎ ለዕቃ፣ ለኪራይና ለማጓጓዣ ስንት እንዳወጡ አይናገርም ነበርና ለመከራከሪያ ምንም አልጠቀመንም።

ሐሳቤን ያስለወጠኝም ያው ደብተር ነው። አምና ለጥምቀት ስመጣ፣ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ወንድሜን የዓመቱን ዱቤ እንዲደምርልኝ ጠየቅኩት። ድምሩን በሁለት ቦታ አሳስቶ ሰጠኝ። ነገር ግን በደብተሩ ጀርባ ላይ በእርሳስ የየወሩን ዱቤ የሚያሳይ አሥራ ሁለት ዘንግ አቁሞ ነበር፤ የሐምሌና የነሐሴው ረጅም፣ ጤፍ ተወቅቶ ገበያ የሚወጣበት የጥር ወሩ ደግሞ አጭር። ከዚያም «ሰው በክረምት የሚበደረው ድሃ ስለሆነ ነው ወይስ ገንዘቡ የሚመጣበት ወር ስለሚርቅ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አራት ዓመት ሒሳብ ተምሬ፣ ከልጅነቴም ጀምሮ ያንን ደብተር ስገልጥ ኖሬ፣ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ይህ ልጅ የሚያምርበት ኢኮኖሚክስ ነው፤ እሱም የሚፈልገው ያንኑ ነው፣ እርስዎን ፈርቶ ነው ዝም ያለው።

መንገዱ ግን ቀላል ነው ብዬ አላታልልዎትም። ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ አሉበት፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ማንኛውም ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። በፕላን መሥሪያ ቤቶች፣ በብሔራዊ ባንክ፣ በስታቲስቲክስ አገልግሎት ወይም በጥናት ተቋም ደህና ቦታ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ስለሚያስፈልግ፣ ቤት የሚረዳበት ቀን ከእኔ ሊዘገይ ይችላል። በሌላ በኩል ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ (አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የሚገዛበት) ሥራ ጀምሯል፤ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017ም ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። እሱ እስኪመረቅ ድረስ አኃዝ አንብቦ ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው ሳይፈለግ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴ ስለሆነ ግን በእሱ አልሟገትዎትም።

የምርጫውን ቅጽ የሚሞላው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከሐሙስ በፊት ራስዎ ደውለው «የፈለግከውን ሙላ» ቢሉት፣ ከእኔ ከሚሰማው ይልቅ ልቡ ያርፋል። የቤት ወጪውን በተመለከተ እስከዚያ የእሱንም ድርሻ እኔ እልካለሁ፤ እናቴ እንዳትጨነቅ ይንገሩልኝ። ያንን ደብተር ደግሞ ሞልቷል ብለው ለማገዶ እንዳይሰጡት አደራ።

አክባሪ ልጅዎ