ከወይዘሪት ብርቱካን ታሪክ የዳኝነቱ ዘመን አይዘለል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ባወጣችሁት ጽሑፍ የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት አመራርነታቸው፣ እስራታቸው፣ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ መፈታታቸው፣ ዳግም ታስረው በ2003 ዓ.ም. መለቀቃቸው፣ ከዚያም የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነታቸው በሰፊው ሲተረክ፣ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩበት ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። ለረጅም ዓመታት በጥብቅና ሥራ ፍርድ ቤት ስመላለስ ኖሬአለሁና ይህ ከንክኖኛል፤ በእኔ እምነት የኋላው ታሪክ ሁሉ የተቀዳው ከዚያ ችሎት ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩት ዳኛ ብርቱካን በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ፖሊስ ግን ተጠርጣሪውን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሶ ያዛቸው፤ አቶ ስዬም ስድስት ዓመት ያህል ታስረው ቆዩ። ሰው ይህን ሲያነሳ «ደፋር ዳኛ» ብሎ ያልፋል፤ ድፍረት ብቻ ማለት ግን ትእዛዙን ያሳንሰዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) በዋስ መፈታትን መብት አድርጎ፣ መከልከልን በሕግ ለተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ይተወዋል። ትእዛዙ የሕግ ስህተት ቢሆን ኖሮ ይግባኝ ይበቃው ነበር፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይፈታ የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 239/1993ን ማውጣት ባላስፈለገ።

የጊዜ ቀጠሮ ችሎት የተቀመጠ ሰው የዚህን ክብደት ያውቀዋል። መርማሪ ፖሊስ ምርመራውን አልጨረስኩም ብሎ ተጨማሪ አሥራ አራት ቀን ይጠይቃል፤ ተጠርጣሪው ቆሞ ይሰማል፤ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ እናት የሕጉ ቃል ባይገባቸውም ዓይናቸውን ከዳኛው ፊት አይነቅሉም። ዳኛው ባለፈው ቀጠሮ ምን እንደተሠራ ጠይቆ፣ መዝገቡን ገልጦ፣ ብቻውን ይወስናል። የሚያማክረው ባልደረባ ከጎኑ የለም፤ ትእዛዙን የሚያስፈጽምለት የራሱ ፖሊስም የለውም። አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ እንዳይመራ ቢደነግግም፣ ያ ድንጋጌ ሥጋ የሚለብሰው እንዲህ ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

ጽሑፋችሁ ያላነሳው ሌላም ነገር አለ። ከ2013ቱ ምርጫ በፊት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ውሳኔዎች ላይ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) በእስር ላይ የነበሩ የባልደራስ ፓርቲ አመራሮች በዕጩነት እንዲመዘገቡ ሲወስን፣ ወይዘሪት ብርቱካን ይመሩት የነበረው የምርጫ ቦርድ መጀመሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀት መታተሙን ጠቅሶ መፈጸም እንደማይችል ቢገልጽም፣ በመጨረሻ ውሳኔውን ተቀብሎ ዕጩዎቹን መዝግቧል። የመጀመሪያውን ምላሽ ስሰማ አዝኜ ነበር፤ የኋለኛው ግን አስደስቶኛል። የገዛ ትእዛዛቸው በፍርድ ቤት ደጃፍ ሲጣስ ያዩ ሰው፣ የሌላ ዳኛ ትእዛዝ በእጃቸው ሲወድቅ አስፈጽመዋል።

ስለዚህ የወይዘሪት ብርቱካንን ታሪክ በድጋሚ የምታወጡ ከሆነ፣ ዘጋቢያችሁ በዚያ ዘመን በእሳቸው ችሎት የቆሙ ጠበቆችን፣ ዐቃብያነ ሕግንና የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን እንዲያነጋግር በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በየፍርድ ቤቱ አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕግ ጠበቃ