ኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ ሙቀትን አያነሣም፤ መነሻውም ውድ ካሜራ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በፎቶግራፍ ዓምድ ሥር ስለ ኢንፍራሬድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አነበብሁት። በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ይህን ርእስ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስታዬ ትንሽ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ዘዴውን «የሰውንና የዕቃን ሙቀት የሚያነሣ» ብሎ ከገለጸ በኋላ ለጀማሪ የማይሞከር ውድ ሥራ ያደርገዋል፤ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ የሚታየውን የዛፍ ፎቶም «በኮምፒውተር የተፈጠረ» ይለዋል። እንጀራዬ የሠርግና የልደት ፎቶ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን ለስድስት ዓመታት ያህል ያነሣሁት ኢንፍራሬድ ስለሆነ፣ ሊጀምር አስቦ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሚተው ወጣት እንዳይኖር ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ከሙቀቱ ልነሣ። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የሆነውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 የሥነ ፈለክ ሊቁ ዊልያም ኸርሽል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የእያንዳንዱን ቀለም ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ አለፍ ብሎ ምንም ቀለም በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ ሞቀበት። ኢንፍራሬድ፣ በትምህርት ቤት «ታሕተ ቀይ» ያልነው ጨረር፣ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ስሙ ከሙቀት ጋር ተቆራኝቶ የቀረውም ከዚያው ቀን ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ከሲሊከን የሚሠራ በመሆኑ ከ1,000 ናኖሜትር ብዙም የራቀውን አያይም። ስለዚህ እኛ ኢንፍራሬድ ፎቶ የምንለው ከ700 እስከ 1,000 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ያለውን፣ ከፀሐይ መጥቶ ዕቃው ላይ አርፎ የሚመለሰውን ብርሃን የያዘ ፎቶ ነው። ሰው ወይም ግድግዳ ከገዛ ሙቀቱ የሚያወጣው ጨረር ግን በብዛት የሚገኘው ከ8,000 እስከ 14,000 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ እሱን ለማንሣት ሌላ ዓይነት ሴንሰርና ከተራ መስታወት ያልተሠራ ሌንስ ያስፈልጋል።

ልዩነቱን ቤት ውስጥ በቡና ማየት ይቻላል። ከምድጃ አሁን የወረደ ጀበና በእኔ ካሜራ ፊት ከቀዘቀዘው ጀበና በምንም አይለይም። ፍሙ ግን ደምቆ ይታያል፤ እስኪቀላ የጋለ ነገር ከቀዩ ብርሃን ጋር ኢንፍራሬዱንም አትረፍርፎ ያወጣልና። በሻማና በጧፍ ብርሃንም ማንሣት ይቻላል። የኤልኢዲ አምፖል ግን ኢንፍራሬድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ለዓይን ቦግ ያለው ሳሎን ለካሜራው ድቅድቅ ጨለማ ይሆንበታል።

ቅጠሉ የሚነጣውም በኮምፒውተር አይደለም። ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ሲመጥ ኢንፍራሬዱን ያሳልፈዋል፤ ያለፈው ብርሃን በቅጠሉ ውስጥ ባሉት ሴሎችና በመካከላቸው በሚገኙት የአየር ክፍተቶች መካከል ሲጋጭ ቆይቶ ግማሽ ያህሉ ወደ ውጭ ይመለሳል። ሮበርት ዉድ የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎችን እ.ኤ.አ. በ1910 አሳትሟል፤ የቅጠሉ መንጣት እስከ ዛሬ በእሱ ስም «የዉድ ውጤት» ይባላል፤ ያኔ ደግሞ ኮምፒውተር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የላንድሳት ሳተላይቶች ሰብልና ደን ከላይ ሆነው የሚለዩት በዚሁ የቅጠል ጠባይ ነው። ባለፈው መስከረም ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያነሣሁት ፎቶ ላይ ዋንዛው እንደ ባዘቶ ነጥቶ ሲወጣ፣ ከጎኑ የቆመው ጥድ አመድማ ሆኖ ቀርቷል። ለዓይን ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ። ጥድና መሰሎቹ ሰፋፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች ያነሰ ኢንፍራሬድ ስለሚመልሱ የዛፉን ዓይነት እንኳ ፎቶው ይነግራችኋል።

አሁን ወደ መነሻው ልምጣ። አብዛኛው ዲጂታል ካሜራ ሴንሰሩ ፊት ኢንፍራሬድን የሚያግድ ስስ መስታወት አለው። መስታወቱ የገባው ቀለም እንዳይበላሽ ነው፤ ላይካ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤም 8 ካሜራ እገዳው ደካማ ስለነበር ጥቁር የናይለን ልብስ ወይን ጠጅ እየሆነ ሲያስቸግር፣ ኩባንያው ለገዢዎቹ ሁለት ሁለት ፊልተር በነፃ ለመስጠት ተገድዷል። ለእኛ ግን ይህ ጉድለት ሲሳይ ነው፤ እገዳው በላላ ቁጥር ኢንፍራሬድ ማንሣት ይቀላል። በብዙ አሮጌ ካሜራዎች ላይ ደግሞ መስታወቱ ከአዲሶቹ የላላ ነው። እኔ የጀመርሁት እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ኒኮን ዲ 70 ነው፤ 6 ሜጋፒክስል ብቻ ስለሆነ ለሠርግ ሥራ ማንም አይፈልገውም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተረስቶ ነበር።

ስለዚህ ጀማሪ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ቤቱ ያለውን ካሜራ በቴሌቪዥን ሪሞት ይፈትነው። ክፍሉን አጨልሞ፣ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ሌንሱ አዙሮ፣ ቁልፉን ተጭኖ እንደያዘ መዝጊያው (ሹተሩ) አንድ ሰከንድ ተከፍቶ እንዲቆይ አድርጎ ያንሣ። ጫፉ ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ ነጥብ ደምቆ ከታየ ካሜራው ያያል፤ ነጥቡ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ካሜራው ለዚህ ሥራ አይመችም። በብዙ ስልኮች የፊት ካሜራም ይኸው ነጥብ ይታያል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ከ720 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን የሚያስቀር ፊልተር ነው፤ በገበያ የታወቀው የሆያ አር 72 ነው። ለእኔ እኅቴ ከዱባይ ስትመጣ አመጣችልኝ። ከሌንሶቻችሁ ሁሉ አፉ ሰፊ ለሆነው የሚገጥመውን ግዙና ለትንንሾቹ ማገናኛ ቀለበት ተጠቀሙ። ፊልተሩ ለዓይን ጥቁር መስታወት ስለሚመስል በእሱ ፀሐይን ማየት የሚቻል የሚመስላቸው አሉ፤ ኢንፍራሬዱን እንዳለ ስለሚያሳልፍ ዓይንን ይጎዳል፣ ፈጽሞ አይሞከር።

ፊልተሩ ከተገጠመ በኋላ በመመልከቻው ምንም አይታይም። ስለዚህ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጦ፣ ፎቶውን አስተካክሎ፣ ፎከሱን ይዞ፣ አውቶፎከሱን አጥፍቶ፣ ከዚያ ፊልተሩን በቀስታ ማጥበቅ ነው። በእኔ ዲ 70 በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 ሆኖ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይበቃል፤ እገዳቸው በጠነከረ ካሜራዎች ግን 30 ሰከንድም ላይበቃ ይችላል፤ ያን ጊዜ ንፋስ ያለበት ቀን የዛፉን ቅጠል ጭጋግ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ቀን ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር ቆሜ ያነሣኋቸው ከአርባ የማያንሱ ፎቶዎች ሁሉ ደብዝዘው ወጥተዋል። ኢንፍራሬድ ሌንስ ውስጥ የሚሰበሰበው ከሚታየው ብርሃን በተለየ ነጥብ ላይ መሆኑን አላውቅም ነበር። ፎከሳቸው በእጅ በሚዞር አሮጌ ሌንሶች ላይ ከርቀት ቁጥሮቹ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀይ ምልክት የተቀረጸችው ለዚህ ነው፤ እኔ ግን ለዓመታት ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ምልክቱ ከሌለ አፐርቸሩን ኤፍ 8 አካባቢ ማድረግ ስሕተቱን ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ማጥበብ ግን በአንዳንድ ሌንሶች ፎቶው መሐል ላይ ክብ የነጣ ነጥብ ያመጣል። ነጥቡ በኋላ በቀላሉ ስለማይጠፋ፣ ሌንሱን ባዶ ግድግዳ ላይ በእያንዳንዱ አፐርቸር አስቀድሞ መሞከር ይሻላል።

ሌላው የምወድለት ነገር ሰዓቱ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ይሸሻል፤ ፊት ላይ ጥላ ይጥላል። ለኢንፍራሬድ ግን ይህ ምርጡ ሰዓት ነው። ክረምቱ አልፎ አየሩ በታጠበበት በመስከረም ሰማዩ ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ሐይቁ እንደ ቀለም ይጠቁራል፣ ደመናው ተለይቶ ይወጣል፤ ሣሩም ያን ጊዜ ለምለም ነው። በግንቦት የደረቀ መስክ ላይ ፊልተር ይዞ መውጣት ድካም ብቻ ነው የሚያተርፈው።

የእገዳ መስታወቱን አስወጥቶ በ720 ወይም በ830 ናኖሜትር መስታወት የሚያስተካ ሰው ያለ ትራይፖድ፣ በተለመደው ሹተር እንደ ልቡ ያነሣል። ይህ ግን ሁለተኛው ደረጃ ነው፣ ደግሞም በቤት የሚሠራ አይደለም። እኔ በዩቲዩብ አይቼ ኪሴ ውስጥ ትገባ የነበረች አንዲት ትንሽ ካሜራ ስፈታ፣ ባትሪዋን ካወጣሁ በኋላ እንኳ የፍላሹ ካፓሲተር የያዘው ኤሌክትሪክ ጣቴን መትቶኝ ካሜራዋ ከእጄ ወድቃ ተሰብራለች። የሚተካው መስታወት ውፍረት ካልተመጣጠነም ፎከሱ እንደተዛባ ይቀራል።

የኮምፒውተሩን ሥራ በተመለከተ፣ ጽሑፋችሁ ግማሽ እውነት አለው። ከካሜራው የሚወጣው ፎቶ እንዳለ ቀይ ነው፤ ጀማሪው ይህን ሲያይ ፊልተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ገና ከማንሣቱ በፊት ፊልተሩን እንደገጠሙ፣ ፀሐይ ያረፈበትን አረንጓዴ ሣር አንሥቶ ካሜራው ዋይት ባላንሱን (ነጭን ነጭ የሚያደርገውን የቀለም ልክ) በእሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሁልጊዜም ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል (በሮው) ይነሣ፤ ጄፔግ ይህን ሁሉ የቀለም ለውጥ አይሸከምም። ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ፋይሉን ላይትሩም በተባለው የአዶቢ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሲከፍቱት በካሜራው የተያዘው ልክ ጠፍቶ ፎቶው ተመልሶ ይቀላል፤ የፕሮግራሙ የቀለም ሙቀት ማስተካከያ ከ2,000 ኬልቪን በታች አይወርድምና። አዶቢ በነፃ በሚሰጠው የፕሮፋይል ማዘጋጃ ለካሜራው የራሱን ፕሮፋይል (ፕሮግራሙ የካሜራውን ቀለም የሚተረጉምበትን ፋይል) መሥራት፣ ወይም ፋይሉን መጀመሪያ የካሜራው አምራች በሚያዘጋጀው ፕሮግራም ከፍቶ ማውጣት ችግሩን ይፈታዋል። እኔ ሁለተኛውን እጠቀማለሁ።

አሁን ቅጠሉ ነጣ፣ ሰማዩ ደግሞ በሶ መሰለ። ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው በፎቶሾፕ ወይም በነፃው ጂምፕ የቀለም ቻናሎችን (ፎቶው የተሠራባቸውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ድርሻዎች) መለዋወጥ ነው፦ በቻናል ሚክሰሩ የቀዩን ቻናል ቀይ ወደ 0፣ ሰማያዊውን ወደ 100 ማምጣት፤ በሰማያዊው ቻናል ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ማድረግ። ከዚያ ፎቶው ፈዛዛ ስለሚሆን ጥቁሩንና ነጩን በሌቭልስ መዘርጋት ያስፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሰማያዊ ሰማይ የእኔ ምርጫ እንጂ የካሜራው ምስክርነት አይደለም፤ ነጩን ቅጠል ግን ያየው ሴንሰሩ ነው። በ830 መስታወት የተነሣ ፎቶ የሚለዋወጥ ቀለም ስለማይኖረው በቀጥታ ወደ ጥቁርና ነጭ ይሄዳል። እኔም ብጠየቅ ጀማሪው ከጥቁርና ነጭ እንዲነሣ እመክራለሁ፤ የተለዋወጠው ቀለም ቶሎ ይሰለቻል፣ አንዳንዴም የፖስት ካርድ መልክ ይይዛል።

ሰውን ስታነሡ ተጠንቀቁ። አንድ ሙሽራ ለምኖኝ ባነሣሁት ፎቶ ላይ በብዙ ገንዘብ የተከራየው ጥቁር ሱፍ ነጣ ብሎ ሌላ ልብስ መስሏል፣ የሙሽሪት ፊት እንደ ሰም ለስልሶ ዓይኗ ጠቁሯል፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ኮካ ኮላም ብርሃኑን አሳልፎ ፈዛዛ ሻይ ሆኗል። ሐበሻ ቀሚሱ ብቻ እንደነጣ ቀርቷል። ያ ሙሽራ ፎቶውን አልወሰደም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የሠርጉን መደበኛ ፎቶ ሳልጨርስ ፊልተሩን ከቦርሳ አላወጣም።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በሚቀጥለው እትም «ሙቀት የሚያነሣ» የሚለው እንዲታረም፤ ሁለተኛው ወደፊት እንዲህ ያለ ፎቶ ስታወጡ ከሥሩ ኢንፍራሬድ መሆኑንና ቀለሙ ተለዋውጦ ከሆነም ያንኑ እንድትጽፉ። ለማረሚያው እንዲረዳችሁ ሁለት ፎቶዎች አያይዤአለሁ። ሁለቱም በመስኮት በገባ የፀሐይ ብርሃን፣ በአንድ ልክ የተነሡ የአንድ ጀበና ፎቶዎች ናቸው፤ በአንዱ ቡናው ገና ከምድጃ እንደወረደ ነው፣ በሌላው አድሮ ቀዝቅዟል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከፎቶዎቹ ጀርባ በእርሳስ የጻፍሁት፣ እኔም ራሴ አይቼ መለየት ስላቃተኝ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ