ካርታው መኪናውን ሲከተል የአሽከርካሪውን እይታ አይንጠቅ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያዎች በአዲስ አበባ ከተስፋፉ ወዲህ ስለ ታሪፋቸው፣ ስለ ኮሚሽናቸውና ስለ ተሳፋሪው ደኅንነት ብዙ ተብሏል። እኔ የምጽፈው ግን ከአሽከርካሪው ዓይን ፊት ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይጠፋው፣ ሆኖም ሲነሳ ሰምቼ ስለማላውቀው ስለ ካርታው አያያዝ ነው። የምተዳደረው የሞባይል መተግበሪያ በመሥራት ስለሆነ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በጥቂት መስመሮች ማስተካከያ ሊወገድ እንደሚችልም ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በቅርቡ ከመገናኛ ወደ ጎተራ ተሳፍሬ ስሄድ፣ ወደ ማሳለጫው ስንቃረብ አሽከርካሪው የትኛውን መውጫ መያዝ እንዳለበት ለማየት ሁለት ጣቶቹን አቀራርቦ ካርታውን አራቀው። እይታው ሰፋ፣ ቅርንጫፎቹም ተለይተው ታዩ። ነገር ግን ምኑንም ሳያጣራ ካርታው በራሱ ተመልሶ ወደ መኪናው ተጠጋና እንደ በፊቱ አዘነበለ። አሽከርካሪው ደግሞ አራቀው፤ ካርታው ደግሞ መለሰው። እንዲህ ሲታገሉ መውጫችንን አለፍነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዓይን ለሁለት ሰከንድ ብቻ ወደ ስልክ ሲወርድ መኪናው ማንም ሳያየው 22 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ጥፋቱን በአሽከርካሪው ላይ ማሳበብ ይቀላል፤ ነገር ግን አንዴ ያስተካከለውን እይታ ደጋግሞ እንዲያስተካክል ያስገደደው መተግበሪያው ነው።

በእኛ ሙያ «ካሜራ» የምንለው ተጠቃሚው ካርታውን ከላይ ሆኖ የሚያይበትን ምናባዊ ዓይን ነው። ይህን ዓይን አራት ነገሮች ይወስኑታል፦ የሚያየው ነጥብ፣ ለዚያ ነጥብ ያለው ቅርበት፣ የዘንበልታው መጠን (ከላይ ቀጥ ብሎ ከማየት ምን ያህል እንደሚያጋድል) እና የዞረበት አቅጣጫ። መኪናን ለመከተል የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ቢበዛ አቅጣጫው ይጨመራል። ብዙዎቻችን የምንሠራው ስህተት፣ ስልኩ አዲስ አቀማመጥ በነገረን ቁጥር፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ በየሰከንዱ፣ ቅርበቱንና ዘንበልታውንም እኛው አስቀድመን በወሰንነው ቁጥር አብረን እንደ አዲስ መጻፋችን ነው። እኔም በመጀመሪያ ሥራዎቼ እንዲሁ አድርጌ ነበር። ትክክለኛው አሠራር ካሜራው በዚያች ቅጽበት ያለበትን ቅርበትና ዘንበልታ ጠይቆ እንዳለ መተውና ነጥቡን ብቻ ማንቀሳቀስ ነው። በጉግል የአንድሮይድ ካርታ ውስጥ ነጥቡን ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝና ነጥቡን ከቅርበቱ ጋር የሚቀይረው ትእዛዝ ለየብቻ የተቀመጡ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን መምረጥ ብቻ ይበቃል።

አንድ ቋሚ ቁጥር ለምን ለሁሉም እንደማይበቃ በስሌት ማሳየት ይቻላል። በጉግል ካርታ የቅርበት ደረጃ በአንድ ሲጨምር እይታው በእጥፍ ይጎላል፤ ደረጃ 10 ከተማን፣ ደረጃ 15 መንገዶችን፣ ደረጃ 20 ሕንፃዎችን ለማየት የሚመች ነው። በደረጃ 18፣ ካርታው ሳያዘነብል፣ ቀጥ ብሎ በተያዘ የተለመደ ስልክ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚታየው 400 ሜትር ገደማ ነው። የመኪናው ምልክት መሃል ላይ ከሆነ ከፊት ያለው 200 ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህ በፒያሳ ጠባብ መንገዶች ውስጥ በቂ ነው፤ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ግን የሰባት ሰከንድ ያህል ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ካርታውን በራሱ የሚያርቅ አሠራር መልካም ነው፣ ለውጡ ቀስ እያለ ከመጣና የአሽከርካሪው ጣት በነካው ጊዜ ከቆመ።

ስለ ዘንበልታው ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ያዘነበለ ካርታ ለዓይን ያምራል፣ ሩቁንም ያሳያል፤ ለእኛ ከተማ ግን ብዙ ጊዜ አይስማማም። እኛ ቦታ የምንጠቋቆመው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጎን» እያልን ስለሆነ፣ አሽከርካሪው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ምልክቶች ማየት አለበት። ካርታው በጣም ሲያዘነብል ሩቅ ያሉት ስሞች ተጨናንቀው ይደራረባሉ፤ የሕንፃዎቹ ቅርጽ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ከኋላቸው ያለው መታጠፊያ ይሸፈናል። በዚያ ላይ ብዙ ቦታ ስለሚያሳይ ተጨማሪ የካርታ መረጃ ይጭናል፣ ወጪውም ከአሽከርካሪው የኢንተርኔት ጥቅል ይቀነሳል። ዓላማው ከፊት ያለውን መንገድ በሰፊው ማሳየት ከሆነ በካርታው የላይኛው ጠርዝ በኩል ባዶ ኅዳግ መስጠት ይቻላል፤ ያኔ የመኪናው ምልክት ከመሃል ወደ ታች ይወርድና ካርታው ሳያዘነብል ከፊት ያለው ይሰፋል። ዘንበልታው ይቅር አልልም፤ አሽከርካሪው ይምረጠው፣ መተግበሪያውም ምርጫውን እስከ ነገ ያስታውስለት።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የጣት ንክኪ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ካርታውን በአንድ ጣት ወደ ጎን የሚገፋ ሰው ሌላ ቦታ ማየት ፈልጓልና መከተሉ ይቁም፣ ወደ መኪናው የሚመልስ ምልክትም ይታይለት። በሁለት ጣት የሚያቀርብ ወይም የሚያርቅ ሰው ግን ተከተለኝ፣ መጠኑን ብቻ ለእኔ ተውልኝ ማለቱ ነው። የጉግል ካርታ እንቅስቃሴው ከተጠቃሚው ጣት ይሁን ከመተግበሪያው ለይቶ ያሳውቃል፤ ሲያጎሉ መሃሉ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ቅንብርም አለው። በአይፎን መተግበሪያዎች ውስጥ ካርታ ለማሳየት የሚያገለግለው የአፕል ማፕኪት ደግሞ መከተል ሲጀምር ከሩቅ የነበረውን እይታ በራሱ ስለሚያቀርብ፣ በዚያው ቅጽበት ሌላ መጠን የሚያዝ መተግበሪያ ከስልኩ ጋር ይጋጫል፤ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ እስኪያበቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የአይፎን ስርዓተ ክወና አይኦኤስ 13 ካሜራው ሊቀርብና ሊርቅ የሚችልበትን ወሰን ማበጀት ተችሏል፤ ወሰኑን ከልክ በላይ ማጥበብ ግን አሽከርካሪውን መልሶ ማሰር ነው።

ስለዚህ የእነዚህ መተግበሪያዎች ባለቤቶች አዲስ እትም ከማውጣታቸው በፊት የካርታውን ክፍል የጻፈውን ባለሙያ ከአንድ አሽከርካሪ ጎን አስቀምጠው፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ከመገናኛ ጎተራ ማሳለጫ ድረስ እንዲልኩት እጠይቃለሁ። በዚያ ጉዞ አሽከርካሪው ያራቀው ካርታ በራሱ ተመልሶ ከቀረበ እትሙ ገና አልደረሰምና አይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞባይል መተግበሪያ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ